የስምንት ቤት ልብ

የባዮሎጂ አስተማሪያችን ቄስ ነበሩ። የውጭ አገር ሰው ናቸው፤ ቡናማ ቀሚስ ይለብሳሉ፣ አማርኛን ከመጽሐፍ የተማሩ ስለሆነ እንደ መጽሐፍ ይናገሩታል። እኛ «አባ» እንላቸው ነበር። ሶዶ በሚገኘው የካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል የገባሁ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ቀን ስለ ሕይወት ያለው ነገር ምንም አላስተማሩንም። ደወል እስኪደወል ድረስ ከእኛ የሚጠብቁትን ብቻ ሲነግሩን ቆዩ። እኔ ከጉኑኖ ወዲያ ካለው መንደራችን በእግሬ ተጉዤ የመጣሁት ገና ያን ሰሞን ነበር፤ ድካሙ ከእግሬ አልወጣም። እሳቸውን ስሰማ ደግሞ ምንም ሳልሠራ እንደገና ደከመኝ።

እርሳስ እንደ መርፌ ይቀረጽ። በአንድ ገጽ አንድ ሥዕል ብቻ። ሥዕል አይጠቁር፣ አይዋብ። የአካል ክፍል ስም የሚጻፍበት መስመር በማስመሪያ ይሰመር፤ መስመር መስመርን እንዳያቋርጥ። ያየኸውን ሳል እንጂ የሰማኸውን አትሳል። «ይመስለኛል» የሚባል ቃል ከበሩ ውጭ ይቅር። ትምህርት ሲጀመርና ሲያልቅ ቆመን ስንጸልይ እጅ ኪስ ውስጥ እንዳይገኝ። የእኔ ሱሪ ኪስ ስላልነበረው ይህችን አንዷን ያለ ድካም ፈጸምኩ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን «ሙሉ» የሚሉት ነገር ነበር። ናሙና ሙሉ መሆን አለበት። ቅጠል ከነአገዳው፣ አበባ ከነሥሩ። አንድ ጓደኛችን አንበጣ ይዞ መጥቶ፣ መንገድ ላይ አንድ እግሩ ወልቆበት ኖሮ፣ ከበሩ መለሱት። «የጎደለ ናሙና ይዋሻል» አሉት። ልጁ ከሰዓቱን ሁሉ ሣር ውስጥ ሲዘል ዋለ። እኛም በመስኮት እያየን ሳቅን፤ በኋላ በየተራችን እዚያው ሣር ውስጥ ዋልን።

እንዲህ ሆነን መስቀል ደረሰ። እኛ ዘንድ ዓመቱ የሚለወጥበት፣ ጊፋታ የምንለው በዓልም ያን ሰሞን ስለሚውል ትምህርት ቤቱ ለጥቂት ቀናት ይዘጋል። ልንለቀቅ ስንል አባ ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ልብ ሳሉ። «በመስቀል አገሩ ሁሉ በሬ ያርዳል ሲሉ ሰምቻለሁ። ስትመለሱ እያንዳንዳችሁ አንድ የበሬ ልብ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ሙሉ ልብ። የማያመጣ የመንፈቁን ፈተና አይቀመጥም» አሉ።

እርስ በርስ ተያየን እንጂ እጁን ያነሣ የለም። አባ የማያውቁትን ነገር ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ ግን ለቄስ፣ ያውም ለአስተማሪ፣ «አይሆንም» የሚል ልጅ በዚያ ዘመን ገና አልተወለደም። ጸሎት አድርገን ወጣን።

እኔ መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት ፈተናውን ነበር። አባቴ ትምህርት ቤት የላከኝ ከአጎቴ ጋር ተነጋግሮ ነው። ንግግራቸው ግልጽ ነበር፤ ከክፍል ክፍል ካለፍኩ እማራለሁ፤ አንድ ጊዜ ከወደቅኩ ተመልሼ ከአባቴ ጋር አርሳለሁ። በዚህ ላይ ቂም የለም፣ ልመናም የለም። ፈተና አለመቀመጥ ደግሞ ከመውደቅ አንድ ነው። ስለዚህ ያቺ ልብ ካልተገኘች እኔ ተማሪ አልነበርኩም።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። በእኛ መንደር የመስቀሉን በሬ በቅርጫ የምንጥለው ስምንት ቤት ሆነን ነው። ከስምንቱ አንዳንዱ እንደኛ ካቶሊክ፣ አንዳንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዳንዱ ጴንጤ ነበር፤ ሥጋው ላይ ግን ጸብ አልነበረንም። ሥጋው ኮባ ቅጠል ላይ በስምንት መደብ ይደረደራል። ከሽንጡ፣ ከጎድኑ፣ ከጨጓራው፣ ከጉበቱ ለሁሉም እኩል ይደርሳል። ልብም እንዲሁ ነው፤ ስምንት ቦታ ይቆረጣል። ለአንድ ቤት የሚደርሰው የጣት ያህል ቢሆንም መድረስ አለበት። ያልደረሰው ቤት እስከሚቀጥለው መስቀል በቂም ያነሣዋል።

የሚቆርጠው አባቴ ነበር። መሬቱ ጠባብ፣ ከብቱም ጥቂት ነው፤ በመንደሩ የሚከበርበት ነገር ቢኖር ያ ቢላ ነበር። እሱ ሲመድብ ማንም ጎንበስ ብሎ አያይም። ዕጣ ወጥቶ ሰባቱ ድርሻቸውን ካነሡ በኋላ የቀረውን መደብ እሱ ያነሣል። «የሱ እጅ አያዳላም» ሲሉት ያልሰማ ይመስላል እንጂ ደስ ይለው እንደነበር እኔ አውቃለሁ።

ቤት የደረስኩ ዕለት ነገርኩት። አጥር ሲያጠብቅ ነበር፤ እጁን ሳያቆም ሰማኝ።

«ሙሉ?» አለ።

«ሙሉ።»

«ቄሱ ብቻቸውን ሊበሉት ነው?»

«አይበሉትም። ይከፍቱታል።»

«ከከፈቱትስ በኋላ?»

«እንስለዋለን።»

ይህን ጊዜ እጁ ቆመ። «ሥዕሉንስ ስንት ቤት ይካፈለዋል?» አለኝ። እናቴ ከደጃፉ ላይ ሳቀች። እሱ ግን የጠየቀው የምሩን ነበር። ከዚያም ወደ አጥሩ ተመለሰ።

በሬው የሚታረድበት ጠዋት የስምንቱ ቤት አባወራዎች ተሰበሰቡ። አባቴ ቢላውን ሳይስል መሬት ላይ አስቀመጠና ቆመ። «ልቡን ለልጄ ስጡኝ። ትምህርት ቤት ጠይቀውታል። በምትኩ ለኔ ቤት የሚደርሰውን ጉበት ለሰባታችሁ አካፍላለሁ» አለ። ሲለምን አይቼው አላውቅም ነበር። ድምፁ እንግዳ ሆነብኝ፤ ፊቴን አዞርኩ።

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ጎረቤታችን ምርኩዛቸውን ተደግፈው አሰቡ። «ቢላ የያዘ ሰው ለራሱ ሲጠይቅ አይተን አናውቅም። ዛሬ ልብ፣ ነገ ሽንጥ» አሉ። ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ። በመጨረሻ እኚሁ ሽማግሌ፣ «ይሁን፤ ለትምህርት ነው። ግን ልጁ ሲመለስ ውስጡ ምን እንዳለ ይንገረን። ድርሻችን ነውና ልንሰማ ይገባናል» ብለው ፈረዱ። አባቴ አመሰገነና ቢላውን መሳል ጀመረ። ያን ቀን ሲመድብ ግን ሁለት ሰዎች ጎንበስ ብለው አዩ።

እናቴ ልቡን በጨው አሽታ፣ በኮባ ጠቅልላ፣ በቃጫ አስራ ከምሰሶው ላይ ሰቀለችልኝ። «ልጄ ልብ ይማራል፣ እኔ ጉበት እጾማለሁ» እያለች በዓሉን ሙሉ ቀለደችብኝ። እኔ አልሳቅኩም። የመመለሻዬ ቀን ጥቅሉን በትከሻዬ ይዤ ወጣሁ። ያለፍኩበት መንደር ውሻ ሁሉ አጀበኝ፤ አንዱን በድንጋይ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ይተካል። ሶዶ ስገባ እጄም እግሬም የእኔ አልነበሩም።

ላቦራቶሪያችን ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ነው። አባ ጠረጴዛዎቹን አጥበው፣ ምላጭ ደርድረው ጠበቁን። ቆመን ጸለይን። ከዚያ «ናሙናችሁን አውጡ» አሉ። ሌሎቹ ኮባቸውን ፈቱ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ የእናቴ ቋጠሮ አልፈታ አለኝ።

ከእኔ በቀር ሙሉ ልብ ያመጣ የለም። በየጠረጴዛው ላይ አንዳንድ ቁራጭ ልብ ተቀምጧል። አንዱ የጣት ያህል፣ አንዱ የጆሮ ያህል፤ የአንዱ ከመድረቁ የተነሣ ጫማ ይመስላል። አባ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሄዱ፤ ፊታቸው እየቀላ መጣ። የምናሾፍባቸው መስሏቸው ነበር። «ሙሉ አልኩ። ቁራጭ አላልኩም» አሉ።

ከቦዲቲ የመጣ ደፋር ልጅ ነበረን፤ አባቱ ነጋዴ ነው። እሱ ተነሣ። «አባ፣ ልብ ለአንድ ሰው ብቻ አትደርስም። በቅርጫ ነው፤ ይካፈላል። ለኛ ቤት የደረሰው ይቺ ናት» አላቸው።

አባ መነጽራቸውን አውልቀው ተቀመጡ። ቅርጫ ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ልጁ ነገራቸው፣ ሌሎቹም እየተቀባበሉ ጨመሩ። ሲሰሙ ቆዩና ዓይናቸውን አሹ። እሳቸውም እንደ እኔ የደከማቸው መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። «ሁላችሁም የደረሳችሁን ሁሉ አምጥታችኋል?» አሉ። «አዎን አባ» አልን። «እንግዲያው የማላውቀውን ያዘዝኩ እኔ ነኝ። ሁላችሁም ፈተና ትቀመጣላችሁ።»

ክፍሉ በደስታ ተንጫጫ። እኔ ብቻዬን እንደታሰረ ያለውን ጥቅሌን ይዤ ቀረሁ። አባቴ ቆሞ የለመነው፣ ጉበቱን የሰጠው፣ ሁለት ሰው ጎንበስ ብሎ ያየበት ለዚህ ነበር። ቁራጭ ይዤ ብመጣ ኖሮ ይበቃኝ ነበር። ያን ዕለት የተናደድኩትን ያህል ከዚያ በፊት ተናድጄ አላውቅም፤ የምናደድበት ሰው ግን አጣሁ። አባ ጥፋታቸውን በአፋቸው ተናገሩ። ጓደኞቼም ምንም አላደረጉም።

አባ ጥቅሌን ፈተው ልቡን ሲያዩ ደንገጥ አሉ። አንስተው አሸተቱት። «ጭስ ጭስ ይላል። ግን ሙሉ ነው። ከየት አመጣኸው?» አሉ። «ከስምንት ቤት» አልኳቸው። አልገባቸውም፤ እኔም ለማስረዳት ጉልበት አልነበረኝም። ሁላችንንም ሰብስበው በምላጭ ከፈቱት።

መዋሸት አልችልም፤ ንዴቴን ለጥቂት ጊዜ ረሳሁት። በስተግራ ያለው ግድግዳ ከሌላው ይልቅ ወፍራም ነው። በውስጡ ስስ መጋረጃ አለ፤ መጋረጃው እናቴ እንሰት ስትፍቅ እንደሚወጣው ቃጫ ባለ ነጭ ክር ተይዟል። አባ ውኃ አፈሰሱበት፤ ውኃው ወደ ፊት አለፈ፤ ሲገለብጡት መጋረጃው ተዘግቶ አላስመልስ አለው። ያን ሁሉ ዘመን ስንበላው የኖርነው እንዲህ ያለ ነገር ነበር። ያየሁትን ሳልኩ። ከአሥር ዘጠኝ አገኘሁ፤ ሁለት መስመሮቼ እርስ በርስ ተቋርጠው ነበር። ቁራጭ ካመጡት መካከል አሥር ያገኙ ነበሩ።

ሲያልቅ ከላቦራቶሪው ሥጋ አይወጣም በሚለው ደንብ መሠረት ቁራጩም የእኔውም አንድ ጉድጓድ ገባና ኖራ ተነሰነሰበት። ቅጠሉን አጥፌ ወጣሁ።

በሚቀጥለው ጊዜ አገር ቤት ስገባ ሽማግሌው ቃላቸውን አልረሱም፤ ሌሎቹን ይዘው መጡ። ልብ አራት ክፍል እንዳለው፣ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ በር እንዳለው ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙ። «በር ካለውማ» አሉ ሽማግሌው፣ «እስከ ዛሬ ስንቆርጠው በሩ ለማን ሲደርስ ኖሯል?» ሁሉም ሳቁ። አባቴ አልሳቀም። ቁራጭም ይበቃ እንደነበር ለእሱ መንገር አልቻልኩም፤ በምን አፌ? ፈተናውን ማለፌን ብቻ ነገርኩት፤ «ደግ» አለ።

በዓመቱ መስቀል በሬው ከታረደ በኋላ ሽማግሌው ወደ አባቴ ዞረው፣ «ዘንድሮ አንተ ዕረፍ» አሉት። በለሆሳስ ነው ያሉት፤ ክፋት አልነበረውም። አባቴ «እሺ» ብሎ የሳለውን ቢላ በእጀታው በኩል አቀበለ። ሌላ ሰው መደበ። አባቴ ዕጣ ከሚጠብቁት ጋር ተቀመጠ፤ እጆቹን የሚያደርግበት ጠፍቶት አንዴ ጉልበቱ ላይ፣ አንዴ ብብቱ ሥር ያደርጋቸዋል። ዕጣችን ሦስተኛ ወጣ፤ ተነሥቶ ድርሻችንን አነሣ። እስኪሞት ድረስ ቢላው ወደ እሱ አልተመለሰም። ይህንንም ነገር አንድ ቀን እንኳ ለእኔ አላነሣም።

በዚያው መስቀል፣ ወደ ሶዶ በምመለስበት ዋዜማ፣ እናቴ ሥጋውን ስታሰናዳ አባቴ ከጎኗ ቁጢጥ ብሎ ከኮባው ላይ አንድ ነገር መረጠ። ጠቀለለው፤ በቃጫ አሰረው፤ መጥቶ ፊቴ አስቀመጠው። ለቤታችን የደረሰችው የልብ ቁራጭ ነበረች።

«ለትምህርት ቤት» አለኝ። «ቁራጭም ይበቃል አሉ። አንዱ የቦዲቲ ነጋዴ ገበያ ላይ ነገረኝ፤ ልጁ ካንተ ጋር ይማራል።»

ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ ላይ ወቀሳ ፈለግሁ፤ ድካም ብቻ ነበር። አሥረኛ ክፍል የምንማረው ስለ ቅጠል ነበር፤ ልብ የጠየቀኝ ማንም የለም። ይህን አልነገርኩትም። በሁለት እጄ ተቀበልኩት፤ በማግስቱም በትከሻዬ ይዤው ሄድኩ።