መንገድ ለመሻገር በታክሲ

ባለፈው ጥቅምት፣ ኮልፌ በሚገኘው ሰፈራችን፣ የአደባባዩን መግቢያዎች ለማስፋት ሲባል በየመንገዱ መካከል የነበሩት የእግረኛ ማረፊያዎች ፈረሱ። ያፈረሳቸው መሥሪያ ቤት ሥራውን «ማሻሻያ» ብሎ ጠራው። ከዚያ ወር ወዲህ እናቴ መንገድ የምትሻገረው በታክሲ ነው።

ዶክትሬቴን የሠራሁት በመንገድ ምህንድስና ስለሆነ ማረፊያ ለምን እንደሚሠራ አውቃለሁ። አደባባይ ሲነደፍ መግቢያው ጠበብና ጠመም የሚደረገው መኪናው ሳይወድ በግድ እንዲዘገይ ነው፤ በመግቢያው መካከል ከፍ ብላ የምትሠራው ማረፊያ ደግሞ እግረኛው ግማሹን ተሻግሮ፣ ቆም ብሎ፣ የቀረውን አቅጣጫ እንዲያይ ፋታ ትሰጠዋለች። እናቴ እዚያ ቆማ ጉልበቷን ታሳርፍ ነበር።

ጸሎት ቤቷ ከአደባባዩ ማዶ ነው። አሁን በዚህኛው ዳር ሚኒባስ ትጠብቃለች፤ ተሳፍራ አደባባዩን ትዞርና እዚያኛው ዳር ትወርዳለች። አንድ ቀን አብሬያት ተሳፈርሁ።

«ማዘር፣ የት ይወርዳሉ?» አላት ረዳቱ።

«ማዶ።»

«ማዶ የሚባል ፌርማታ የለም እኮ።»

«እናንተ ስትቆሙ ይኖራል።»

ሾፌሩ በመስታወቱ እያየን ሣቀ። «ተዋቸው፤ ይጸልዩልን። ፍሬናችንም ደህና አይደለም።»

ደጎች ናቸው። ሆኖም ሰው በሚበዛበት ሰዓት ለማዶ ብሎ ወንበር የሚይዝ ተሳፋሪ የሚጭን የለም። ያን ጊዜ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቤት ትመለሳለች። «ዛሬ ደከመኝ» ትለኛለች። አልደከማትም።

ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድሁ። ንድፉን ያዘጋጀው ወጣት መሐንዲስ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ።

«ዶክተር፣ የመኪናው ሰልፍ እኮ አጥሯል።»

«እግረኛውስ?»

«ስሌቱ ውስጥ አልገባም።» ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መግባት ነበረበት» አለኝ።

አልዋሸኝምና እርሱን አልወቅስም። ንድፉን ያጸደቁት አለቆቹ ናቸው፤ እነርሱ ግን «ይታሰብበታል» ብለው ሸኙኝ። የሚታሰበው ከማፍረስ በፊት ነበር። አሁን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማረፊያዎቹ ተመልሰው የሚሠሩት በየትኛው ወር ነው? የወሩን ስም እንጂ ሌላ መልስ አልቀበልም።