ከቃለ ጉባኤ የወጣ ምርቃት

አባቴ የሚሠራው እዚህ እስራኤል፣ ቤኤር ቱቪያ ኢንዱስትሪ ዞን፣ አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። ከመጋዘኑ አጥር ማዶ ባለው ባዶ መሬት ላይ የአደገኛ ቆሻሻ ማቃጠያ ሊተከል መታቀዱን የሰማነው ከጎረቤት ነው። የፋብሪካ ኬሚካል፣ ያረጀ መድኃኒት፣ የቀለም ዝቃጭ እዚያ ይቃጠላል ተባለ። አባቴ ቀድሞውንም ደረቱን ያመዋል። ክረምት ሲገባ ሳሉ እኔ ክፍል ድረስ ይሰማል።

ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የአካባቢ ጥበቃ ስለሆነ ጎረቤቶች ማቃጠያውን የሚተክለው ኩባንያ ያቀረበውን የደኅንነት ጥናት እንዳነብላቸው ሰጡኝ። ወፍራም ሰነድ ነው፤ አብዛኛው መጥፎ አልነበረም። አንድ ነገር ግን አስጨነቀኝ። ምድጃው ሲለኮስና ሲጠፋ፣ ወይም ድንገት ሲበላሽ፣ ጭሱ ማጣሪያውን ሳያልፍ በሌላ ጭስ ማውጫ ይወጣል። በዚያ ሰዓት የሚለካ መሣሪያ አልታሰበም። ገለልተኛ ተቆጣጣሪ ያን ጊዜም እንዲለካ መጠየቅ አለብን አልኳቸው።

ዕቅዱ በሚታይበት የሕዝብ ስብሰባ ላይ «ማን ይናገር?» ሲባል ሁሉም ወደ አባቴ አዩ። ሽማግሌ ባለበት ልጅ ቀድማ አትናገርም ብዬ እኔም ዝም አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን አዳራሽ ስለምፈራ ደስ ብሎኝ ነው። እሱ በአማርኛ ሊናገር፣ እኔ ወደ ዕብራይስጥ ልተረጉም ተስማማን። እቤት ነገሩን ደጋግሜ አስረዳሁት። «ገብቶኛል ልጄ፣ ቤሰደር፣ እሺ» አለኝ። በእርግጥም ገብቶት ነበር።

ስብሰባው ኪርያት መላኪ፣ የሰፈሩ ማትናስ፣ ማለትም የማኅበረሰብ ማዕከል፣ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሊቀመንበሩ ለአንድ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ብቻ እንደሚሰጥ አስታወቀ። አባቴ ተነሥቶ ኮቱን ቆለፈ። የሊቀመንበሩን ጤና ጠየቀ። ከሩቅ መጥቶ ያስረዳንን የኩባንያውን መሐንዲስ አመሰገነ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፣ የጀመራችሁትን እግዚአብሔር ያሳምርላችሁ ብሎ መረቃቸው። በእኛ ዘንድ ሰውን ከመቃወም በፊት እንዲህ ይደረጋል፤ ሰላምታው ካልሞላ ክርክሩ እንደ ብልግና ይቆጠራል። አንዱንም ሳልዘል ተረጎምኩ። የአባትን ምርቃት እንዴት አድርጌ ልቁረጥ?

ከገዴራ የመጣችው የአክስቴ ልጅ ከኋላዬ ጎንበስ ብላ፣ «አባትሽ ሊድራቸው ነው እንዴ? ያላ፣ ቶሎ በይ ንገሪው!» አለችኝ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

«ጊዜው አልቋል» አለ ሊቀመንበሩ።

«ምን ይላል?» አለኝ አባቴ፤ ሐሳቡ ገና ምርቃቱ ላይ ነበር።

«ጊዜህ አለቀ ይላል።»

«ኧረ ገና መቼ ጀመርኩና!»

አማርኛ የሚሰማው ሁሉ ሳቀ። መሐንዲሱ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ነዋሪዎች ሥራችንን ስለባረኩልን እናመሰግናለን» አለ። ጸሐፊዋ ይህንኑ ስትጽፍ አየኋት።

«እባክሽ እሱን አውጪው» አልኳት በዕብራይስጥ። «ሰላምታ ብቻ ነው። ምንም ማለት አይደለም።»

ሊቀመንበሩ ለመናገር ተመዝግቤ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልተመዘገብኩም። ቀጥሎ ተራ የነበራት ጎረቤታችን፣ «የእኔን ለእሷ ስጧት! እኔ ብነሣ ስድብ ነው የሚቀናኝ» አለች። ስድቡን ትቼ ተራዋን ብቻ ተረጎምኩ።

ቆሜ ጠየቅኩ፦ ምድጃው ሲለኮስና ሲጠፋ ጭሱን ማን ይለካዋል?

«እነዚያ በጣም አጭር ጊዜያት ናቸው» አለ መሐንዲሱ።

«አጭርም ቢሆኑ ማን ይለካል?»

«እኛው በስሌት እንገምታለን።»

«አባቴ አጥሩ ማዶ ነው የሚውለው» አልኩ። ሌላ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝና ተቀመጥኩ። ሊቀመንበሩ ምርቃቱ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ፣ ጥያቄው እንዲገባ፣ ውሳኔውም ኩባንያው በጽሑፍ እስኪመልስ እንዲቆይ አዘዘ።

ስንወጣ ሰዎች ጎበዝ አሉኝ። አባቴ ቀድሞ መንገድ ጀመረ። ዕብራይስጥ መናገር ይከብደዋል እንጂ ይሰማል፤ መጋዘን ውስጥ ዓመታት ሲታዘዝበት የኖረ ቋንቋ ነው። ያን ጊዜ ይህ ትዝ አላለኝም።

መንገድ ላይ፣ «ምንም ማለት አይደለም አልሻቸው» አለኝ።

«ለቃለ ጉባኤው ብዬ ነው አባዬ። ተስማምተዋል ብለው እንዳይጽፉብን።»

«ገብቶኛል።» ትንሽ ሄደና፣ «ደግ አድርገሻል፤ ጭሱ የሚመጣው እኔ ደረት ላይ ነው» አለ። ኮቱን እየፈታ ቀጠለ፦ «ሰዎቹ ግን አሜን እንኳ አላሉም።»

የሚቀጥለው ስብሰባ መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እንደዛሬው ከሰዓት በኋላ ነው አልኩት።

«እንግዲያው አንቺ ተመዝገቢ። እኔ ሥራ አለኝ።»

ፈረቃው እኩለ ቀን ላይ ያልቃል። ይህን እንደማውቅ ያውቃል። እሺ አልኩት።