ተጠባባቂዋ

በዓለም አቀፉ ትምህርት ቤት የምክትል ዳይሬክተሯ ስም «ተጠባባቂዋ» ሆኖ ቀርቶ ነበር። ዳይሬክተሩ ከባሕር ማዶ ይመጣል፣ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ይሄዳል፤ ሌላው እስኪመጣ የቢሮው ቁልፍ ለእሷ ይሰጣል። አራት ጊዜ ተረክባ አራት ጊዜ አስረከበች።

«ወንበር አሙቆ ማስረከብ ሥራሽ ሆነ እኮ!» ይላታል ባሏ።

በአምስተኛው ቦርዱ የተለመደውን ደብዳቤ ሲሰጣት ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «እናንተ ሰዎች፣ ዳይሬክተር የሚበቅለው ባሕር ማዶ ብቻ ነው? ውድድሩን ለሁላችንም ክፈቱት። ተጠባባቂ ግን ከእንግዲህ አልሆንም!»

ቁልፉ ባለቤት አጥቶ አንድ ወር ሰነበተ። ቦርዱ ሲቸግረው ውድድሩን ከፈተ፤ እሷም አሸነፈች። በዘጠኝ ዓመት የሥልጣን ዘመኗ ለኃላፊነት የሚወዳደር ሁሉ ስሙ፣ አገሩና ፎቶው ተሸፍኖ እንዲመዘን አደረገች።

ጡረታ ስትወጣ ቦታዋን በውድድር ያገኘችው በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛነት የጀመረች የሒሳብ መምህርት ናት። የሹመት ደብዳቤው ግን ከድሮው ተገልብጦ ኖሮ «ተጠባባቂ ዳይሬክተር» ይላል። ጡረተኛዋ «ተጠባባቂ» የሚለውን ቃል ወረቀቱ እስኪቀደድ ሰረዘችው።

«በዚህ ግቢ የሚጠባበቅ ካለ» አለች፣ «አውቶቡስ የሚጠብቅ ተማሪ ብቻ ነው።»