አትንኩኝ ያሉት ወንድሜ

ወንድሜን «አትንኩኝ» የሚል ስም ያወጡለት የሆቴሉ አስተናጋጆች ናቸው። ጊታሩን ለማንም አያስነካም፤ የማናውቀውን ሰውም መድረካችን ላይ አያወጣም ነበር፤ ለዚህ ነው። «ምን ያለ ቋጣሪ ነው!» ይሉ ነበር እኔ እየሰማሁ። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ የማልፍ ሰው አይደለሁም። «እናንተ የጥርስ ብሩሻችሁን ለመንገደኛ ታውሳላችሁ?» እላቸው ነበር። ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፣ በሆዴ ግን እቃጠል ነበር። እውነቱን እንዳልነግራቸው ወንድሜ አስምሎኝ ነበር።

እውነቱ ይኸውላችሁ፤ ወንድሜ መስማት አቁሞ ነበር።

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ እንጫወት ነበር። እሱ ጊታር፣ እኔ ኪቦርድ፣ በሥራ ቀን ፀጉር የሚያስተካክለውና ቆርቆሮ የምንለው ጓደኛችን ድራም፤ ትንሽ ብርድ ሲነካው ጉሮሮው የሚዘጋ አንድ ዘፋኝም ነበረን። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ወንድሜ ማተሚያ ቤት ነው። ሃያ አንድ ዓመት አንድ ማሽን አጠገብ ቆሟል። አንድ ቀን የቤት ቁልፍ ልቀበለው ሄጄ ወለሉ ራሱ ከእግሬ ስር ይንቀጠቀጣል፤ ሠራተኞቹ የሚያወሩት በእጃቸው ነው። «ኧረ ጆሮህ ውስጥ ጥጥ ክተት» ስለው «ወረቀቱ ሲጣበቅ የማውቀው በድምፁ ነው» ይለኛል። እንዲህ እያለ ያ ማሽን ጆሮውን በላው።

እኔ ያወቅኩት በር ተቆልፎብኝ ነው። አብረን ነው የምንኖረው፤ እሱ አላገባ፣ እኔ አግብቼ የተመለስኩ። ከገበያ ስመጣ በሩን ከውስጥ ቆልፎታል። ባንኳኳ፣ ብደበድብ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ እንጂ እሱ ወይ ፍንክች። ሞቶ ይሆን ብዬ እሪ ልል ስል በመስኮት አየሁት፤ ቁጭ ብሎ ካልሲውን ይሰፋል! እጄን ሳወዛውዝ አይቶኝ ከፈተልኝ፤ ገብቼ እንዴት እንደወረድኩበት አይጠየቅ። ጮኼ ጮኼ ሲደክመኝ ከንፈሬን እያየ «እቱ፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ፤ ስትቸኩይ አላነበውም» አለኝ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሰው በሌለህበት የሚያማህን አትሰማም ለማለት ነው፤ ለወንድሜ ግን የእውነት ባዳ ሆነበት። «ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። «ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር፤ የሚመለስ አይደለም። ማሽኑን ያለ ጆሮም እሠራዋለሁ። እሑድን ከወሰዱብኝ ግን ምን ይቀረኛል? ንገሪኝ እስቲ፣ ምን ይቀረኛል?» በእናታችን አጥንት አስማለኝ። ማልኩለት።

ከዚያ በኋላ እኔና እሱ እንደ ሌባ ተጠቃቅሰን የምንሠራ ሆንን። ጊታሩን ቤት ውስጥ እኔ እቃኝለታለሁ። ሃያ ሁለት ዘፈን አለን፤ ሁልጊዜ በዚያው ተራ፣ ሁልጊዜ ከዚያው መነሻ ድምፅ፣ እኛ ኪይ ከምንለው። ስንጀምር በራሴ እጠቅሰዋለሁ። ምቱን ከእንጨቱ መድረክ በእግሩ ይቀበላል፣ የጊታሩን ጀርባ ደረቱ ላይ ይለጥፋል፣ የቀረውን ጣቶቹ ያውቁታል። አራት ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ እንኳ አልነቃም። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ምንም ነገር ካልተለወጠ ብቻ ነው። እንግዳ ዘፋኝ ከገባ ዘፈኑን ከየት እንደሚያነሳው ማን ያውቃል? ጊታሩን የነካም ቅኝቱን ካበላሸው እሱ አይሰማው፣ እኔ ሮጬ አላስተካክለው። ስለዚህ ከለከለ። ደንቆሮ ከመባል ቋጣሪ መባል ይሻለኛል አለ።

ድሮ እኮ እንዲህ አልነበረም! የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። «ማነው ጊታር የሚሞክር?» ብሎ ከመድረክ የሚጣራው ራሱ ነበር። አንዲት ልብስ ሰፊ ሴት እሑድ እሑድ እየመጣች ትዘፍን ነበር፤ ድምፅ የላትም፣ እሱ ግን እንደ ንግሥት ነበር የሚያጅባት። አንድ ሞቅ ያለው ሰውዬ ሁለት ክር በጠሰበትና እኔ ጉሮሮውን ልይዘው ስል «ተይው እቱ፣ ክር ይቀየራል፤ ሰውየው ግን ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል» አለኝ። አትንኩኝ የተባለው እንዲህ ያለው ሰው ነው። ያችን ልብስ ሰፊ የከለከላት ቀን ዓይኗ እንባ ሞልቶ ሄደች፤ ዳግም አልመጣችም። እሱም ያን ዕለት ራቱን ሳይበላ ተኛ።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። ዘፋኛችን እንደለመደው ድምፁ ተዘግቶ ቀርቷል። ያለ ዘፈን ስንጫወት ቆየንና ዕረፍት ሆነ፤ ወንድሜ ፊቱን ሊታጠብ ሄደ። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ዩኒፎርሙን እንደለበሰ፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ወደኔ መጣ።

«እህቴ፣ አንዴ ላስቸግርሽ። ያቺ ጥግ ላይ ያለችው ባለቤቴ ናት። ሦስት ወር ሆስፒታል ተኝታ ዛሬ መውጣቷ ነው። ዘፋኝ አይደለሁም፤ ግን ስንተጫጭ የዘፈንኩላት አንዲት ዘፈን አለች፤ እሷን ልዝፈንላት።»

ዘፈኗን ነገረኝ። የኛው አምስተኛዋ ናት። ሴትየዋን አየኋት። አንገቷ ከሻርፑ ውስጥ የልጅ አንገት አክሏል፤ የሆስፒታሉን የፕላስቲክ ማሰሪያ ከእጇ ገና አላወለቀችም። አንጀቴን በላችው። ቢሆንም «አይ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ እንግዳ አናስገባም» አልኩት።

«አዎ፣ አስተናጋጁ ነግሮኛል። አትንኩኝ የሚባል ክፉ ሰው አለ አለኝ። እሱ ሳይመለስ ልጠይቅሽ ብዬ ነው።»

ክፉ! ይቺ ቃል ናት ያጠፋችኝ። «ማነው ክፉ? ወንድሜ ነው እሱ! ከሱ የበለጠ ደግ ሰው እዚህ ግቢ ውስጥ የለም! ና ውጣ፣ ዝፈን!» አልኩት። መነሻውን እኔ እሰጠዋለሁ፣ ወንድሜም የለመደውን ይጫወታል፣ አስተናጋጆቹም አፋቸውን ይይዛሉ ብዬ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ወንድሜ ሲመለስ ሹፌሩ ማይክ ይዞ ቆሟል። የወንድሜ ፊት አመድ መሰለ። አምስት ጣቴን አሳየሁትና በከንፈሬ ብቻ «እንደ ሁልጊዜው ነው፣ አይዞህ» አልኩት። ትንሽ አየኝ። አመነኝና ጊታሩን አነሳ።

ሹፌሩን «መጀመሪያ እኔ ድምፁን እሰጥሃለሁ፣ ከኔ ላይ ተነሳ» ብዬው ነበር። እሺ፣ እሺ ብሎኛል። ማይኩን ሲይዝ ግን ሚስቱን አየና እኔንም ኪቦርዴንም ረሳን፤ ጉሮሮው ካገኘው ቦታ፣ ከኛ በጣም ዝቅ ብሎ ተነሳ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ዘፋኝ ሲወርድ መውረድ፣ ሲወጣ መውጣት ሃያ ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው። ጣቶቼ እኔን ሳይጠይቁ ሹፌሩን ተከትለው ወረዱ። ወንድሜ በለመደው ላይ ብቻውን ቀረ።

ጆሮ የማይችለው ነገር ሆነ። መጀመሪያ አንድ ጠረጴዛ ሳቀ፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ። ወንድሜ ጀርባው ለኔ፣ ፊቱ ለሰው ነው፤ ጥርሳቸውን ሲያይ ደስ ያላቸው መሰለው። እሱም ሳቀላቸው። እኔን ይድፋኝ! ለሚስቁበት ሰዎች እየሳቀላቸው አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣና፣ ድሮ ደስ ሲለው እንደሚያደርገው፣ ጊታሩን ከፍ አድርጎ ይመታው ጀመር። ደንግጬ ወደሱ ኪይ ስመለስ ደግሞ ሹፌሩ መያዣ አጣ፤ ቃሉ ጠፋው፣ ቆመ። ሚስቱ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ቆርቆሮም እጁን አወረደ። ወንድሜ ዘወር ያለው ከእግሩ ስር ምቱ ሲጠፋበት ነው።

ባለሆቴሏ እየተንደረደረች መጣች። «ምን ማለት ነው ይሄ? ታማ በተነሳች ሴት ፊት! ሆን ብለህ ነው አይደል ያበላሸህበት?»

ወንድሜ ከንፈሯን አነበበ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ አይሰማም ልላት ነው፣ መሐላውም ገደል ይግባ ብዬ። አየኝና ራሱን ነቀነቀ፤ እንዳትናገሪ ማለቱ ነው። ከዚያ ወደሷ ዞሮ «አዎ፣ ሆን ብዬ ነው። እንግዳ አልወድም» አላት።

«እንግዲያው ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ» አለችው።

እኔም ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ስለማልኩ ነው እላለሁ፣ ግን ፈርቼም ነበር፤ ከተናገርኩ የጣቶቼም ነገር ይወጣል። ወንድሜ ተንበርክኮ ጊታሩን ሳጥኑ ውስጥ ይከታል። ሹፌሩ ከኋላው መጥቶ ቀስ ብሎ «ምን በደልኩህ ወንድሜ?» አለው። ወንድሜ የሳጥኑን መቆለፊያ ይጫናል፣ አልዞረም። ሹፌሩ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ባርኔጣውን አደረገና ሚስቱን ደግፎ ወጣ። መልስ እንኳ የነፈገው መስሎት ነው የሄደው። ሮጬ ደርሼ ያልነገርኩት እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም።

ወደ ቤት በእግር ሄድን። መንገድ ስንሻገር የመኪና ጡሩምባ ስለማይሰማ ክንዱን እይዘዋለሁ፤ ያን ቀንም ያዝኩት። ቤት ገብተን ሻይ አፈላሁ፣ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«ሰውየው እንዴት ነበር ያነሳው?» አለኝ።

«በጣም ዝቅ ብሎ።»

«እሱማ ገብቶኛል።» ብርጭቆውን በጣቱ ሁለት ጊዜ አዞረ። «አንቺስ ከማን ጋር ነበርሽ?»

ዓይኔን በጨው አጥቤ «ካንተ ጋር ነበርኩ» አልኩት።

ከንፈሬን አየ። ደግሜ አልኩለት፣ ቀስ ብዬ፣ እንዲያነበው። ትከሻው ሲወርድ፣ ፊቱ ሲፈታ አየሁ። «እንግዲያው ብቻዬን አልነበርኩማ!» አለኝ። «እኔ እኮ መንገዱን ሙሉ ብቻዬን የነበርኩ መስሎኝ ነው የሞትኩት።» ሻዩንም ጠጣ፣ ድገሚኝም አለ።

ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅም። እኔን ግን «አንቺ ሂጂ፣ እጅሽ ይዶለዱማል» ብሎ ገፋፍቶ ላከኝ፤ አሁን ከወጣቶች ጋር ሌላ ቦታ እጫወታለሁ። እነሱም አልፎ አልፎ «እትዬ፣ የማናውቀው ሰው ልጫወት ብሎ ቢለምነን እናስገባ ወይስ እንከልክል?» ይሉኛል። «እኔ ምን አውቄ! መጀመሪያ አጠገባችሁ የቆመውን ጠይቁት» እላቸዋለሁ። ቁጣዬ ከየት እንደመጣ አይገባቸውም።

ወንድሜ አሁን የሚደብቀው ነገር የለም፤ እሑዱን ካጣ በኋላ ለምን ይደብቃል? ሰው ቤታችን በመጣ ቁጥር ያችን ቀን ይተርካል። እንዴት እንደሳቁ፣ እሱም እንዴት እንደሳቀላቸው ይናገራል፣ እንግዶቹም ይስቃሉ፣ ያዝናሉ። መጨረሻ ላይ ወደኔ ያመለክትና «ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ ይቺ ከኔ ጋር ነበረች» ይላል። «እህት ማለት እንዲህ ነው» ይሉኛል። እኔ ብርጭቆ ለቅሜ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ትናንት መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብ ከጀርባው ቆምኩ። «ጋሼ፣ ከሹፌሩ ጋር ነበርኩ። ይቅር በለኝ» አልኩት። በሹክሹክታ አይደለም፣ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። እሱ ጋዜጣውን ገለጠ።