ጋሽ ቴንዳይ ሊያሰርዙት የፈለጉት ዓረፍተ ነገር

ቅዳሜ ጠዋት ከቢሾፍቱ የተነሳሁት አንድ ሽማግሌ ጠርተውኝ ነው። ጋሽ ቴንዳይ ይባላሉ፤ ትውልዳቸው ዚምባብዌ ነው። አገራቸው ገና ሮዴዥያ እየተባለች በነጭ ሰፋሪዎች ስትገዛ፣ በወጣትነታቸው ለትምህርት አዲስ አበባ መጡ። እዚሁ ሆነው ለነፃነት የሚቀሰቅሱ ጽሑፎች እየጻፉ በስውር ወደ አገራቸው ይልኩ ነበር። አገራቸው ነፃ ስትወጣም ለመኖር አልተመለሱም፤ ትዳር ይዘው መካኒሳ አቦ ቀሩ።

እኔ በትርጉም ሥራ ነው የምተዳደረው። ከጽሑፎቻቸው መካከል ብዙ ሰው ያነሳሳውን አንዱን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነበር። ሥራው ሊያልቅ ሲል ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር እንድታወጪልኝ እፈልጋለሁ።»

«የቱን?»

«በስልክ የሚሆን አይደለም። ነይ።»

እስከ ሀይሌ ጋርመንት

የቃሊቲ መንገድ በከባድ መኪና ተጨናንቆ ነበር። ቃሊቲ ወርጄ ወደ ሀይሌ ጋርመንት በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት በመስኮቱ ወደ አንድ ፎቅ ጠቆሙኝ።

«እዚያ ጋ የአባቴ የጤፍ ማሳ ነበር» አሉ።

«ያሳዝንዎታል?»

«ማዘንስ አዝናለሁ። ግን ልጄ እዚያው ፎቅ ሥር ሱቅ አላት። እኔም ከከተማው ወጣ ብላ የቀረችኝን ቁራሽ መሬት አርሳለሁ። ሁለቱንም ይዘን እንኖራለን።»

ሀይሌ ጋርመንት ስንደርስ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ አደባባዩን አጨቅይቶታል። ረዳቶቹ «ጀሞ! ጀሞ!» «መካኒሳ አቦ!» እያሉ ይጮኻሉ። ከጋሪ ላይ ብርቱካን ገዛሁና የመካኒሳውን ታክሲ ያዝኩ።

መካኒሳ አቦ

ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት ጋ ነው። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ናቸው። «ግቢ፣ ግቢ፤ መንገዱ አደከመሽ አይደል?» ብለው ብርቱካኑን ተቀበሉኝ።

ለምሳ የቀረበው ከበቆሎ ዱቄት የተሠራ ጠንካራ ነጭ ገንፎ ነበር፤ ጎመንና ሥጋ አብሮት አለ። የጋሽ ቴንዳይ አገር ምግብ ነው። «እንደተጋባን ስሠራው እየጓጎለ ያስለቅሰኝ ነበር» አሉ እትዬ አስካለ፤ «አሁን እኔም ያለሱ አልጠግብ።»

ጋሽ ቴንዳይ ብዙም አልበሉም። እጃቸውን ታጥበው ሶፋው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ነው ወሬ የጀመሩት።

«መጀመሪያ የጻፍኩትን ተራው ሰው አላነበበውም። ኢምፔሪያሊዝም፣ ብዝበዛ እያልኩ እጽፍ ነበር። ተማሪው አጨበጨበልኝ፤ ገበሬው ግን ወረቀቱን ቀድዶ ትምባሆ ጠቀለለበት።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ስለ እናቴ ጻፍኩ። በነጮቹ ሱቅ ጥቁር ሰው በፊት ለፊት በር አይገባም፤ በጓሮ በኩል ባለች ትንሽ መስኮት ነው የሚገዛው። እናቴ ነጮቹ ተስተናግደው እስኪያልቁ ዝናብ ላይ ትቆም ነበር። ‹እናትህ ስኳር የምትገዛው በየትኛው መስኮት ነው?› ብዬ ጠየቅኩ። መልሱን አልጻፍኩም።»

ያቺ እኔ የምተረጉማት ጽሑፍ በሻንጣ ገበር ውስጥ ተሰፍታ አገራቸው ገባች። በእጅ እየተገለበጠች በማዕድን ሠራተኞች ማደሪያና በቤተ ክርስቲያን ግቢ ተነበበች፤ ማንበብ የማይችልም ሰማት። ፈርቶ ዝም ያለው ሰው ታጋዮችን መደበቅና ማብላት ጀመረ። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ነፃነትን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው፣ ሌላው እንዲሞትለት ይጠብቃል።»

«እሱን ነው አውጪልኝ የምልሽ» አሉ ጋሽ ቴንዳይ።

«የጽሑፉ ጉልበት እኮ እሱ ላይ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ሲምባን የወሰደው እሱ ነው።»

ሲምባ ታናሽ ወንድማቸው ነው። ትምህርቱን ሳይጨርስ ድንበር ተሻግሮ ከታጋዮቹ ጋር ተቀላቀለ፤ ውጊያ ላይም ሞተ። ከነፃነት በኋላ ጋሽ ቴንዳይ ለጥየቃ አገራቸው ሲሄዱ፣ አብሮት የነበረ ጓደኛው ያን መስመር በቃሉ እየደጋገመ እንደዘመተ ነገራቸው። ጽሑፉ የደራሲ ስም አልነበረበትም።

«ወንድሙ እንደጻፈው ሳያውቅ ሞተ» አሉ። «እኔ ደግሞ እዚህ ሻይ እየጠጣሁ ነበር የጻፍኩት። ቁጭ ብዬ የጠበቅኩት እኔ ነኝ።»

እትዬ አስካለ ሳህኖቹን ማንሳት ትተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ብታስወጣው ሲምባ ይመጣል?»

«አይመጣም። ግን ዛሬም በየስልኩ እንዲህ እየጻፈ የሰው ልጅ ወደ ውጊያ የሚልክ አለ። አንድ ልጅ አንብቦት እንዳይሄድ ነው።»

«ቃሉን ስትሰርዝ እኮ ሲምባንም ትሰርዘዋለህ። ለምን እንደሄደ በምን ይታወቃል? ይልቅ ዋጋውንም ጻፍላቸው።»

ጋሽ ቴንዳይ ወደ እኔ ዞረው «ጻፊ» አሉኝ፤ በአማርኛ፣ ቀስ እያሉ፦

«ይህን የጻፍኩት በሰላም አገር፣ ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። አገሬ ነፃ መውጣት ነበረባት፤ በዚህ ዛሬም አልጸጸትም። ታናሽ ወንድሜ ሲምባ ቃሌን አምኖ ሄዶ አልተመለሰም። አንተ ይህን የምታነብ ልጅ፣ የሚልክህ ሰው አብሮህ ይሄድ እንደሆነ አስቀድመህ ጠይቅ።»

ወደ ቢሾፍቱ

ጋሽ ቴንዳይ እስከ ታክሲው ድረስ ሸኙኝ። መንገድ ላይ እናታቸው ነፃነቱን አይተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አየች» አሉኝ። «በፊት ለፊት በር ገብታ ስኳር ገዛች። ወጥታ ግን አለቀሰች።»

ቢሾፍቱ የደረስኩት ሊመሽ ሲል ነው። ያን መስመር እንዳለ ተውኩት፤ የነገሩኝንም ከሥሩ አስቀመጥኩ። ጥሩ ጽሑፍ የፈራን ሕዝብ እንደሚያስነሳ ከመሄዴ በፊትም አውቅ ነበር። የጻፈው ሰውና አምኖት የሄደው ሰው አንድ ዋጋ እንደማይከፍሉ ግን የገባኝ ከዚያ ሶፋ አጠገብ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ለማሳመን የተጻፈ ነገር ስተረጉም እጄ ይዘገያል።

በማግስቱ ደውዬ ሁሉንም አነበብኩላቸው። ጋሽ ቴንዳይ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«የወንድሜ ስም ያለበትን እስቲ ድገሚልኝ» አሉ።

ደገምኩላቸው።