አምስት ሆነን የተሰበሰብንበት ጠዋት

ሊወስዱኝ የመጡት ለሰባተኛ ክፍል ልጆቼ የቅጠል ክፍሎችን ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ሳለ ነው። የምናስተምረው ደጅ ነበር። ሕንፃዎቹ ውስጥ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ሰፍረው ስለነበር ሰሌዳውን ዛፍ አስደግፈን ነበር የምንሠራው። ጠመኔውን ለክፍሉ አለቃ ሰጥቼ "እስክመለስ ገልብጡ" አልኳቸው። የምመለስ መስሎኝ ነበር።

ላሊበላ ዳር ባለው ፖሊስ ጣቢያ የሴቶቹ ክፍል ቀድሞ ዕቃ ቤት ነበር፤ የሲሚንቶ ሽታው አልለቀቀውም። ከበሩ በላይ ባለች ክፍተት ጠዋት ጠዋት የተራራው ጫፍ ይታያል። ከእኔ ሌላ በእርሻ ወሰን ጠብ የታሰሩ፣ እናቴን የሚያክሉ አንዲት ሴት ነበሩ። እትዬ እላቸው ነበር።

የተከሰስኩበት ነገር አንድ ደብዳቤ ነው። የወረዳችን መምህራን ማህበር ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊነቱን የወደድኩት ጸሐፊ ብዙ መናገር ስለማይጠበቅበት ነው። ሰባታችን ስንቀመጥ ሌሎቹ ይከራከራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ድምፅ ሲሰጥም እጄን የማወጣው ብዙው ወዴት እንዳዘነበለ ካየሁ በኋላ ነበር። ደብዳቤው መሣሪያ የያዘ ሰው ሁሉ ከትምህርት ቤቶች ቅጥር እንዲወጣ ይጠይቃል። ሰባታችንም ተስማምተን ማህተም መታንበት። አምስታችን ታሰርን።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝና አንድ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። ደብዳቤው በስህተት የተጻፈ በመሆኑ ተነሥቷል ይላል።

"እዚህ ላይ ፈርሚ። ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ።"

ቤቴ ኮን ከተማ ነው። የእናቴ ደጅ፣ የገበያ ቀን ጫጫታው፣ አልጋዬ ሥር የተውኩት ያልታረመ ደብተር፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ።

"ደብዳቤው የኮሚቴው ነው" አልኩ። "እኔ ብቻዬን ላነሣው አልችልም። በደንባችን ኮሚቴው የወሰነውን የሚሽረው ራሱ ኮሚቴው ነው። ቢያንስ አራት አባል መገኘት አለበት።"

"እዚህም ስብሰባ አማራችሁ?" ብሎ ሳቀ። ጥቂት አሰበና "እሺ፣ ነገ ጠዋት። ከሻራችሁት አምስታችሁም ትሄዳላችሁ። ካልሻራችሁት ግን እዚሁ ናችሁ" አለ።

ያን ያልኩት ደፋር ሆኜ አይደለም። አብረውኝ የታሰሩት አራቱ ወንዶች ከግድግዳው ማዶ ሲያስሉ እየሰማሁ አሥራ ሰባት ቀን አላየኋቸውም። ናፍቀውኝ ነበር።

በማግስቱ እትዬ ፊታቸው አስቀምጠው ፀጉሬን ጎነጎኑኝ።

"እንዲህ ተንጨባሮ ስብሰባ አይኬድም። ደግሞ እንደ ልማድሽ ዝም ብለሽ ብትመለሺ መልሼ ነው የምፈታው!"

"ምን እንደምል አላውቅም፣ እትዬ።"

"አብሽሪ። ቤትሽ ከናፈቀሽም ናፈቀኝ በይ። ማን ይፈርድብሻል?"

ግቢው ውስጥ፣ ከጽድ ዛፍ ሥር፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ነበር። ሰብሳቢያችን ጡረታቸው የተቃረበ የሒሳብ መምህር ናቸው። ጢማቸው አድጎ ነጭ ሆኗል። እንደ ሁልጊዜው ስማችንን ጠሩ።

"አምስት። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አጀንዳችን አንድ ነው። ሻይ የለም።"

ሳቅን። ቃለ ጉባኤ መያዣ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠየቅኩ፤ መርማሪው ሰጠኝ።

ቀድሞ የተናገረው የስፖርት መምህሩ ነው። ሚስቱ ዛሬ ነገ የምትወልድ ነበረች።

"ጋሼ፣ ይነሣ። ደብዳቤ ሌላ ጊዜም ይጻፋል። የመጀመሪያ ልጄ ግን አንዴ ነው የሚወለደው።"

ማንም አልተቆጣውም። የደም ግፊት ያለባቸው ምክትል ሰብሳቢያችን ከእርሱ ጋር እጃቸውን አወጡ። ሰብሳቢውና የእንግሊዝኛ መምህሩ አይነሣም አሉ። ሁለት ለሁለት። አራቱም ወደ እኔ ዞሩ።

"ጸሐፊያችንስ?" አሉ ጋሼ።

"እኔም ቤቴ ናፍቆኛል" አልኩ። "ግን ብናነሣው ነገ የምናስተምረው የት ነው? እኔ ከቤቴም ይልቅ ክፍሌ ናፍቆኛል።" እጄን አወጣሁ። አይነሣም።

የስፖርት መምህሩ "የልዩነት ሐሳቤ ይመዝገብልኝ" አለኝ። አንድ ቃል ሳልቀንስ ጻፍኩለት፤ ስለ ልጁ ያለውንም ጭምር። ቃለ ጉባኤውን አንብቤ እንደጨረስኩ መርማሪው ጣልቃ ገባ።

"ይነሣ ያላችሁት ሁለታችሁ ለብቻችሁ ፈርሙና ሂዱ።"

ምክትላችን መሬት መሬቱን አዩ። የስፖርት መምህሩ ግን እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደና ከሰብሳቢው ስም ሥር፣ በቃለ ጉባኤው ላይ ፈረመ።

"ተወስኗል እኮ" አለ ለመርማሪው። ምክትላችንም ተከትለው ፈረሙ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ለስፖርት መምህሩ ሴት ልጅ መወለዷን ምሳ ልታቀብል የመጣች እህቱ ከአጥር ውጭ ጮኻ ነገረችው። ወንዶቹ ሲያጨበጭቡ በግድግዳው በኩል ሰማሁ። እኔም ብቻዬን አጨበጨብኩ፤ ከዚያ ነጠላዬን ተከናንቤ አለቀስኩ። እስክንፈታ ሌላ ሁለት ወር ሆነ።

የትምህርት ቤቱ ክፍሎች በኋላ ተለቀዋል። በደብዳቤው ይሁን በሌላ ምክንያት አላውቅም። ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ ርቆ ሄዷል። የስፖርት መምህሩን አንዳንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ አገኘዋለሁ።

"ይቺ ናት ስትወለጂ እንዳላይሽ ያደረገችኝ! ሳሚያት" ይላታል ልጁን።

እርሱ ይስቃል። ልጅቷ ጉንጬን ትስመኛለች። ዛሬም ድምፅ ቢሰጥ እጄን የማወጣው አይነሣም ብዬ ነው፤ ግን አዝናለሁ ልለው ስል ቃሉ አይወጣልኝም። አምስታችን እንደዚያ ጠዋት ተጠጋግተን ብንቀመጥ፣ ጋሼም ወደ እኔ ዞር ቢሉ፣ የምናገር ይመስለኛል። እስካሁን ግን አምስት ሆነን አልተቀመጥንም።