ዘጠነኛው ምልክት

ከወልድያ ወደ መርሳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ የሰምሃር ዓይን አጠገቧ ከተቀመጡት ሽማግሌ በትር ላይ አልነቀል አለ። ካፖርታቸው ያረጀ ቢሆንም በወጉ ተተኩሷል፤ በትራቸውን ግን ቢላዋ ከላይ እስከ ታች ተልትሎታል።

«አባባ፣ ይሄ ሁሉ ምልክት ምንድን ነው?»

«የወንዛችን ልክ ነዋ! መለኪያውን ብረት ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ፣ በየክረምቱ ውኃው የደረሰበትን እያየሁ እቀርጻለሁ።»

የሰምሃር ልብ ዘለለ። ዝናቡ እንዲህ ጠባዩን ሲለውጥ ወንዙ ለሀብሩ ወረዳ ገበሬ ይበቃ እንደሆነ ልታጠና፣ ለወራት መዝገብ ስታገላብጥ ከርማለች፤ የመጨረሻው ስምንት ዓመት ባዶ ነው። ያ የጠፋ ስምንት ዓመት አሁን ከጎኗ ተቀምጦ መርሳ እየገባ ነው! ሜትሯን ከቦርሳዋ አውጥታ፣ በትሩን ከእጃቸው ተቀብላ ትለካ ጀመር። እርሳቸው የእያንዳንዱን ዓመት እንደ ዳዊት ይደግሙላታል። አንዱ ክረምት ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ተከታዩ ደረት ይደርሳል።

«ዘጠኝ ሆነብኝ እኮ፣ አባባ! ይቺ ቀይ ክር ያሰሩባትስ የየትኛው ዓመት ናት?»

«እሷ የውኃ አይደለችም፤ የቤቴ ደፍ ናት።»

ሰምሃር በትሩን እንደገና አየችው። ከቀዩ ክር በላይ ሦስት የውኃ ምልክት አለ።

«ታዲያ አሁን የት ነው የሚኖሩት...»

«ወራጅ አለ!» አሉ ሽማግሌው። በትራቸውን ከእጇ ተቀብለው ወረዱና፣ ለወንዙ ጀርባቸውን ሰጥተው ዳገቱን ተያያዙት።